አማቴ የሸፈኗት ሰማያዊ ካርድ

እግራችሁ ደንዝዞ፣ መደንዘዙ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ይህን እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ተነሥታችሁ ኢመርጀንሲ ሂዱ። ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። ሌሎቻችሁ ግን ተቀመጡ። የማወራችሁ ስለ አንድ የፓርኪንግ ቲኬት ነው፤ ነገር ግን ቲኬቱ ጋ ለመድረስ በእግሬ ጣቶች በኩል ማለፍ አለብን። አትጨነቁልኝ፤ ባለፈው ሳምንት መሰላል ላይ ወጥቼ የጣሪያ መብራት ቀይሬያለሁ።

የምኖረው ስካርቦሮ ነው። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። አዲስ ሕንፃ ውስጥ ሽቦ እዘረጋለሁ፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ያበላሸውን እያየሁ እሳደባለሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ባለቤቴ ሂሩት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሺፍት ትሠራለች። እናቷ እማማ አስካለ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ አብረውን ናቸው። እማማ ቁመታቸው ደረቴ ላይ አይደርስም፤ ሲጸልዩ ግን ድምፃቸው ማይክ አይፈልግም።

እኔ አማት የማከብር ሰው ነኝ፤ አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው። እሳቸው ወደ ሳሎን ሲገቡ ስልክ እያወራሁም ቢሆን ብድግ ብዬ «ኖር» እላለሁ፤ እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጥ ልጄ» ይሉኛል። በቀን አሥር ጊዜ ቢገቡ አሥሩንም ጊዜ ነው። ሂሩት «ኧረ ቶሮንቶ ናችሁ እናንተ ሰዎች!» እያለች ትስቅብናለች። ይህን የነገርኳችሁ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

መጀመሪያ ያመመኝ ሆዴን ነበር። የትም የበላሁት ዶሮ ነው መሰለኝ። ለቀቀኝና ረሳሁት። ከዚያ ሰነባብቶ አንድ ጠዋት የሥራ ጫማዬን ሳስር የእግሬ ጣቶች በጥጥ የተጠቀለሉ መሰለኝ። ጫማው ጠቦኝ ነው ብዬ ላላ አደረግኩት። በማግሥቱ ጥጡ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ መሰላል ጫፍ ቆሜ ቀኝ እግሬን ውረድ ብለው እምቢ አለኝ። እግሬ እኮ ነው! የገዛ እግሬ! ባልደረባዬ ወገቤን ይዞ እንደ ዕቃ አወረደኝ።

ሰው ሲታመም የማያክም የለም። እማማ አስካለ «ብርድ ነው» አሉ። «መስኮት ከፍተህ ነው የምትነዳው፤ ብርዱ አጥንትህ ገብቷል።» ቫዝሊን አሙቀው አሹኝ። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ዎክ ኢን ክሊኒክ ያገኘሁት ዶክተር ዐይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «ቫይታሚን አንሶህ ይሆናል» ብሎ የደም ምርመራ አዘዘልኝ። ሌላው ደግሞ «ከባድ ዕቃ ታነሣለህ፤ የወገብህ ነርቭ ተጭኖ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። ኢመርጀንሲም ሄጄ ነበር። ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን እያየሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ልጇን እሹሩሩ ስትል እያዳመጥኩ፣ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ በጣም ደክሞሃል፣ ዕረፍ ተባልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ማንንም አልወቅስም። በሽታው ብዙ ሰው የማይገጥመው ነው፤ ድካም ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ የሌለበት ሰው የለም።

ከዚያ ጠዋት ልነሣ ስል ከወገቤ በታች የለሁም። ሂሩት የሰጠችኝ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ነው አምቡላንስ የተጠራው።

አምቡላንሱ ባደረሰኝ ሆስፒታል አንዲት ወጣት ዶክተር ትንሽ የጎማ መዶሻ አውጥታ ጉልበቴን መታች። ዝም። ሌላውን መታች። ዝም። ጉልበት ሲመታ እግር መወርወር አለበት፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደግማ ስትመታ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጉልበቴን የመታ አንድም ሰው አልነበረም። ከጀርባዬ በመርፌ ውሃ ቀድተው አዩና ሕመሙ ጊያን ባሬ የሚባል መሆኑን ነገሩኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ ዶክተሯ።

«ኤሌክትሪሻን።»

«እንግዲያውስ ላንተ ማስረዳት ቀላል ነው» ብላ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነርቭ ሽቦ ነው አለች። ከላዩ ሽፋን አለው። ሰውነት ከሆድ በሽታው ጋር ሲዋጋ ተሳስቶ የገዛ ራሱን ሽቦ ሽፋን ይልጣል። የተላጠ ሽቦ ደግሞ መልእክት አያደርስም። እግሩ አለ፤ ጡንቻው አለ፤ ትእዛዙ ግን አይደርስም።

አያችሁ፣ እኔ ይሄ ገባኝ። ሲገባኝ ነው የፈራሁት። የተላጠ ሽቦ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወይ ቴፕ ትጠቀልልበታለህ፣ ወይ ነቅለህ ትቀይረዋለህ። እኔን ማን ነቅሎ ይቀይረኛል?

«ታዲያ ማነው የሚሸፍነው?» አልኳት።

«ራሱ» አለችኝ። «ቀስ እያለ ራሱን ይሸፍናል።»

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ስንት ዓመት ሽቦ ስይዝ ራሱን የሸፈነ ሽቦ አይቼ አላውቅም።

ድካሙ ወደ ላይ መውጣቱን ገና አላቆመም ነበር። ነርሶቹ በየሰዓቱ ቱቦ ውስጥ እንድነፋ ያደርጉኝ ነበር፤ ትንፋሼ ስንት እንደቀረ የሚለኩት በእሱ ነው። የሌሊቱን ነገር አልተርክላችሁም። ሲነጋ መተንፈስ እችል ይሆን ወይ ብሎ ማሰብ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ያልደረሰበትም አይድረስበት። አንዲት ነርስ ነበረች፣ ፍርሃቴን ከፊቴ እያነበበች «እኔ እስከ ጠዋት እዚህ ነኝ» የምትለኝ። መርፌ አልነበረም፣ ክኒን አልነበረም፤ ግን እንደ እሱ የረዳኝ መድኃኒት ጥቂት ነው።

መድኃኒቱን በጠርሙስ ሰቀሉልኝ። ከሰው ደም ተጣርቶ የሚሠራ ነው፤ ከብዙ ሺህ ሰዎች ደም ተሰብስቦ ነው አንድ ላይ የሚዘጋጀው። ነርሷ ነች ይህን የነገረችኝ። ስለ ጌታ ደም እየዘመርኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ደም በክንዴ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ግን ዝም ብዬ አለቀስኩ። ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ዐይን ለዐይን የማንተያይ ሰዎች! ፓርኪንግ ተቀማምተን በመስኮት የምንሰዳደብ ሰዎች! እነሱ ናቸው አንድ ቀን እጅጌያቸውን ሰብስበው «ለማንም ይሁን» ብለው የሰጡት። ማንም ማለት እኔ ሆንኩ። እስካሁን ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስቆም፣ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይሆን እላለሁ።

እማማ አስካለ ከሆስፒታል አልጠፉም። ሂሩት ሺፍት ስትገባ እሳቸው ይመጣሉ። የማልረሳው አገባባቸውን ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ ያዩኛል። እኔ ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ የማልችል ሰው ተጋድሜ ነው ያለሁት። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጥ ልጄ» ይሉኛል። ልክ ብድግ እንዳልኩላቸው! የመጀመሪያው ቀን አእምሯቸው የተነካ መስሎኝ ደነገጥኩ። ኋላ ግን እጠብቀው ጀመር።

አንድ ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። «ታሟል» አይሉም። ከአዲስ አበባ ሲደወል፣ እኔ በቱቦ ተተብትቤ እየሰማኋቸው፣ «ዳንኤል? በጣም ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቃቸው «ትንሽ ድካም ቢጤ ነው፣ አልፏል።» ሂሩት አንድ ቀን «እማዬ፣ ሰው እኮ መጥቶ አይቶታል፤ ማንን ነው የምትደብቂው?» ብትላቸው «አፍሽን ሰብስቢ! ሟርት አልወድም» ብለው አስደነገጧት። ይህን ሁሉ እያሉ ግን ውሃ አሙቀው እግሬን የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። አማት! እኔ ፊታቸው እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ የማላውቅ ሰው፣ እግሬን በሁለት እጃቸው ይዘው በጣቶቼ መሃል እየገቡ ያጥቡኛል። ኀፍረት ሊገድለኝ ነበር። የእጃቸው ሙቀት እንኳ አይሰማኝም ነበር፤ ውሃው ሲንጠባጠብ ብቻ እሰማለሁ።

አንድ ቀን እንደዚያው እያጠቡኝ ሳለ «እማማ፣ ውሃው አላቃጠለዎትም?» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «ምን አልክ?»

«ሞቀኝ» አልኩ።

ፎጣውን ጣሉት። ግራ እግሬን አይተው «እስቲ እዘዘው» አሉኝ። አዘዝኩት። ትልቁ ጣቴ ነቀነቀ። አንዴ። ምናልባት የስንዴ ቅንጣት የምታህል መንገድ ነው የሄደው። እኔ በሥራዬ ሙሉ ሕንፃ አብርቻለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ማብሪያውን ጫን አድርጌ ሁሉም ፎቅ ቦግ ሲል አይቻለሁ። እንደዚያ ጣት ያስደነቀኝ ነገር የለም። ያቺ ዶክተር አልዋሸችም። ሽቦው ራሱን እየሸፈነ ነበር። እኔ ተኝቼ፣ ማንም ሳይነካው፣ በውስጤ አንድ ሠራተኛ ድምፁን ሳያሰማ ቴፑን ይጠቀልል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። እንቁላሉ እኔ ነኝ። መልሶ ማገገሚያ ማዕከል ገባሁ፤ በሁለት ብረት መሃል ቆሜ እንደ ሕፃን ዳዴ ተማርኩ። ከሁሉ የምነግራችሁ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ እማማ አስካለ የገቡበትን ነው። ሳላስበው ነው የሆነው። እጄ የወንበሩን ክንድ ተጫነ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ብድግ አልኩ። «ኖር» አልኩ።

ያን ሁሉ ጊዜ ለተጋደመ ሰው «በእግዜር» ሲሉ የኖሩት ሴትዮ ከበሩ ላይ ዞረው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ተመልሰው ሲገቡ ዐይናቸውን ጠርገው «በል ተቀመጥ፣ ምን ያቆምሃል?» ብለው ተቆጡኝ።

ቤት ገባሁ። ግን አልጨረስኩም። ጠዋት ደህና እራመዳለሁ፤ ትንሽ ከሄድኩ እግሬ እንደ ባትሪ ያልቃል፤ ሳይነግረኝ ነው የሚያልቀው። የሚረዳኝ በማገገሚያ ማዕከሉ የማደርገው የፊዚዮ ሕክምና ነበር። የማዕከሉ ዶክተር «ሽፋኑ እያደገ ያለው አሁን ነው፤ ፊዚዮ እንዳታቋርጥ» ብሎኛል። ስለዚህ የሃንዲካፕ ፐርሚት ፈርሞ አወጣልኝ፤ ሰማያዊ ካርድ ናት፣ የዊልቸር ሥዕል ያለባት፣ ዳሽቦርድ ላይ የምትቀመጥ። በር አጠገብ አቁሜ ብርታቴን ለሕክምናው እንዳስቀር ማለት ነው።

እማማ ካርዷን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ በጋሪ የተቀመጠው ማነው?»

«ምልክት ነው እማማ። የማቆሚያ ፈቃድ ነው።»

«አንተ እኮ ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ፣ ግን...»

«ግን የለም። የሆነውን ሳይሆን የሚሆነውን ነው ማውራት።» ብለው ገለበጧት። ሥዕሉ ወደ ታች፣ ነጩ ወደ ላይ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦርነት ተከፈተ፤ ድምፅ የሌለው ጦርነት። እሳቸው ይገለብጣሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። እኔ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ይገለብጣሉ። መንገድ ላይም እንደዚሁ ነበሩ። ቤት ውስጥ እግሬን አሽተው የማይጠግቡት ሴትዮ፣ ውጭ ስንወጣ ዞር ብለው ሳያዩኝ ከፊቴ ቀድመው ይሄዳሉ። «ሰው ያየናል» ብለው እጃቸውን አይሰጡኝም። ለካ እጅ መስጠት ለሰው ሁሉ መናገር ነው።

አንድ ቀን ከፊዚዮ በፊት አንድ ፕላዛ ውስጥ ፋርማሲ ልገባ አቆምኩ። እማማ ሊያግዙኝ አብረው ወረዱ፤ ሲወርዱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዳሽቦርድ ላይ አኖሩ። መኪና ያለ ቃሉ አይተዉም፤ የተለመደ ነገር ነው፤ ልብ አላልኩም። ስንመለስ አንድ የከተማው ተቆጣጣሪ ቲኬት እየጻፈ ነው። በመስታወቱ የሚታየው ዚፕ ያለው ትልቁ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው። ካርዷ ከሥሩ ናት፤ ያውም ተገልብጣ።

ከፍቼ አወጣሁና አሳየሁት። ሰውዬው ትሑት ነበር። «ካርዱ መታየት አለበት፣ ጌታዬ። ደግሞ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ከፋርማሲው እስክትደርስ አይቼሃለሁ። ደህና ነው የምትራመደው» አለኝ። ካርዱ ያላግባብ እየተሠራበት ሊሆን ስለሚችል ለማጣራት ይወሰዳል ብሎ ያዘው።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ተናድጃለሁ። ግን ከንዴቴ ሥር ሌላ ነገር መጣብኝ። *ደህና ነው የምትራመደው!* የማያውቀኝ ሰው፣ በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ሰው፣ አይቶኝ ጤነኛ ነህ ብሎ ከሰሰኝ! ያቺን የስንዴ ቅንጣት የምታህል እንቅስቃሴ አስታወስኩ። ሰውዬውን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ቲኬቱን ይዤ ፈገግ ስል እሱም ግራ ገብቶት ቶሎ ሄደ።

ፈገግታዬ ግን አልቆየም። ያለ ካርዷ ከማዕከሉ ራቅ አድርጌ ማቆም ነበረብኝ፤ ጊዜው ክረምት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ እግሬ አለቀ። በረዶው ላይ ወደቅኩ፤ የሰው ጫማ አጠገቤ ሲያልፍ እያየሁ ተኛሁ። አንዲት መንገደኛ አነሣችኝ። የዚያን ቀን ፊዚዮ ቀረብኝ፤ በሚቀጥለውም ፈርቼ ቀረሁ። ሽፋኑ እያደገ ያለው አሁን ነው የሚለው የዶክተሩ ቃል በጆሮዬ ይጮኽ ጀመር። ካርዷን ካላስመለስኩ መዳኔ መሃል መንገድ ላይ ሊቀር ነው።

ኦንላይን ገብቼ ቲኬቱን ተቃወምኩ፤ አፖይንትመንት ሰጡኝ። የሐኪም ደብዳቤ አለኝ። የጎደለኝ አንድ መልስ ነው። ካርዱ ለምን አልታየም?

«እውነቱን ትናገራለህ» አለች ሂሩት።

«አማቴ ሸፈኑብኝ ብዬ? ለመንግሥት ሰው? አብደሻል እንዴ!»

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

«ተንሸራቶ ነው እላለሁ።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ተንሸራቶ? ዳኒ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ልትዋሽ ነው?»

እሷ ልክ ነበረች፤ እኔም ልክ ነበርኩ። እግሬን ያጠቡኝን እናት ለባለሥልጣን አሳልፌ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ካርዷ ትቅር እስከማለት ደርሼ ነበር። እማማ ይህን ስንነጋገር ኩሽና ነበሩ፤ አልሰሙንም ብዬ ነው።

በቀጠሮው ቀን «እኔም እመጣለሁ» አሉ። «እዚያ ሆኜ እጸልይልሃለሁ።» እምቢ አይባሉም። መኪናውን ሩቅ አቁመን፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ እየቆምኩ እያረፍኩ ደረስን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁሉም ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። እማማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ስሜ ሲጠራ አብረውኝ ተነሡ።

ባለሥልጣኑ መነጽር ያደረገ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ደብዳቤውን በጥንቃቄ አነበበ። «መታመምህን አልጠራጠርም» አለኝ። «ግን ካርዱ ተሸፍኖ ነበር። ለምን?»

አፌን ከፈትኩ። ተንሸራቶ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። አልወጣም። እውነቱም አልወጣም። ሰውዬው ጠበቀኝ።

«ምን አለህ?» አሉኝ እማማ።

«ምንም አይደለም እማማ።»

«ስለ ካርዱ ነው የጠየቀህ። እኔ እንደምናገር ንገረው።»

ሰውዬው ሁለታችንን አየና ማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። መናገር እንደሚፈልጉ ነገርኩት። ወደ አስተርጓሚ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አኖረው። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ በጥሩ አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ይናገሩ፣ እየሰማሁዎት ነው» አለ።

እማማ አስካለ ተነሥተው ቆሙ። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሲሰጡ እንደሚቆሙት ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መጽሐፉን ካርዱ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። የገለበጥኩትም እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር። ለምን ቢሉኝ፣ ባለቤቴ፣ የልጄ የሂሩት አባት፣ አልጋ ላይ ሳለ ለሰው አልናገርም ብዬ ቆይቼ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ ስትጠይቀኝ ‹ታሟል› አልኳት። በማግሥቱ ሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ከተናገርኩት ይህንንም የምቀብረው መሰለኝ።»

የአስተርጓሚዋ ድምፅ እየተከተላቸው ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ሂሩትም እንደማታውቀው ኋላ ነገረችኝ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወደ ሰውዬው መለስ አሉ።

«ታሟል» አሉ። «ልጄ ታሟል፣ ጌታዬ። ገና አልዳነም። እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሬሳ ነበር። ጠዋት ሲራመድ ያዩታል፤ ማታ ደረጃውን በእጁ ነው የሚወጣው። እኔ እንዳላየ ሆኜ ነው እንጂ አይቻለሁ። ካርዱን ይመልሱለት።»

ከስልኩ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ሰውዬው «ሃሎ?» አለ። አስተርጓሚዋ «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» አለች፤ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማን። ከዚያ ቃል በቃል አደረሰችው።

ባለሥልጣኑ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። የሚጨምር ነገር እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ የለኝም አልኩት። ቲኬቱን ሰረዘው። ካርዷን ከፖስታ አውጥቶ ለእኔ ሳይሆን ለእማማ ሰጣቸው፤ «ከእንግዲህ መጽሐፉ ከጎኗ ይሁን» እንዲላቸው ለአስተርጓሚዋ ነገራት። እማማም «ይሁን» አሉ።

ወጣን። መኪናው ሩቅ ነው፤ በረዶው ዳር ዳሩን ተቆልሏል። እንደ ልማዳቸው ቀድመውኝ ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ካርዷን ሥዕሏ ወደ ውጭ እንደ ዞረ ደረታቸው ላይ ይዘው በሩ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። አጠገባቸው ስደርስ ትከሻቸውን ሰጡኝ።

«ተደገፈኝ።»

«እማማ፣ ሰው ያየናል» አልኳቸው፤ በራሳቸው ቃል ላሾፍባቸው ብዬ ነው።

«ይየን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

ቁመታቸው ደረቴ ላይ አይደርስም ብያችኋለሁ። እጄን ትከሻቸው ላይ ጣልኩ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ቀስ እያልኩ ግማሽ ሰውነቴን አሳረፍኩባቸው፤ ፍንክች አላሉም። አላፊ አግዳሚው እያየን እንደዚያው መኪናው ድረስ ሄድን።